መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ማን ይጠየቃል?

የእናቴ ታላቅ እኅት፣ እኛ የቤት ልጆች «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ በሐምሌ ብርድ ሳይሆን በሚያዝያ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርበው መቀመጥ በጀመሩ ጊዜ፣ ፊታቸው አባብጦ፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ፀጉራቸው ማበጠሪያ ሙሉ እየወጣ፣ ከመደብ ተነሥቶ እስከ ደጃፍ መድረስ የሩቅ አገር መንገድ ስለ ሆነባቸው፣ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ደማቸው ቢመረመር በአንገታቸው ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራዋን እንደ ታከተች ተነገራቸውና ሌቮታይሮክሲን የምትባል ትንሽ ኪኒን ታዘዘችላቸው። በየዕለቱ ዋጡ፤ አልተሻላቸውም። መጠኑ ከ50 ወደ 75፣ ከ75 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 125 ማይክሮግራም ከፍ አለ፤ የደሙ ቁጥር ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሐኪሙ «መድኃኒቱን አይውጡትም ማለት ነው» ብለው በሽተኛዋን ከሰሱ፤ እትዬም «የማይረባ መድኃኒት ነው የሰጡኝ» ብለው ኪኒኒቱን ከሰሱ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተፋጠው ሲቆሙ ጠይቆ የሚፈርድ ዳኛ አልነበረም።

ነገሩን የፈታችው በአንድ ፋርማሲ የምትሠራ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ለቡና ተጠርታ መጥታ ኪኒኖቹ ከረከቦቱ ዳር፣ ከምድጃው ሙቀት አጠገብ ተቀምጠው ብታይ፣ «እትዬ፣ ይህችን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዷት?» ብላ ጠየቀች።

«ከአቦሉ ጋር ነዋ! ያለ ቡና ምን በጉሮሮዬ ይወርዳል?»

«በጾም ቀንስ?»

«በጾም ቀንማ እስከ 9 ሰዓት ማን አፉን ይከፍታል? ከቅዳሴ መልስ ከሽሮው ጋር እወስዳታለሁ፤ ያችንም የደም ማነሷን ኪኒን አብሬ።»

ልጅቱ ሣቀች፤ እኛ ግን የወራት ክርክር በአንድ ጥያቄ፣ ያውም ዋጋ በማይከፈልበት ጥያቄ፣ ሲፈታ አይተን ዝም አልን።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምወደው ይህን ነው፦ መድኃኒት አልሠራ ሲል ከመድኃኒቱም ከበሽተኛውም አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ግን «ሕመሜ አልለቀቀኝም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ቃሉ እንደ ምስክር ቃል ሊሰማለት ይገባል እንጂ በወረቀት ላይ በተጻፈ ቁጥር ሊረታ አይገባም።

እስቲ መንገዱን እንመርምር። ሌቮታይሮክሲን የሚለካው የሚሊግራም አንድ ሺሕኛ በሆነው በማይክሮግራም ነውና፣ ከእንዲህ ካለው ኢምንት ነገር ላይ ጥቂት ቢጎድል ጉድለቱ ብዙ ነው። ኪኒኒቱ በባዶ ሆድ ስትዋጥ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ትገባለች፤ ቡና ግን ይህን መግባቷን ይቀንሰዋል፤ ለደም ማነስ የሚዋጡት የብረት ኪኒኖችና የካልሲየም ኪኒኖች አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሯታል፤ በማለዳ የሚጠጣ ተልባና በጾም ገበታችን ላይ እየበዛ የመጣው አኩሪ አተርም ከድርሻዋ ሊነጥቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጠቢባኑ ያወጡት ሥርዓት ከቁርስና ከቡና 1 ሰዓት ያህል አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ መዋጥ፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒኖችንም 4 ሰዓት ማራቅ ነው። ከዚህም ጋር የጨጓራ ነገር አለ፤ በአገራችን «ጨጓራዬን» የማይል ሰው ማግኘት ያስቸግራልና፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶችም፣ ኤች ፓይሎሪ በተባለው ባክቴሪያ ምክንያት የተቆጣ ጨጓራም ኪኒኒቱ በሚገባ እንዳትሟሟ ያደርጋሉ፤ ባክቴሪያው ታክሞ በጠፋ ጊዜ ቀድሞ ያልበቃው መጠን በቂ ሆኖ የሚገኝለት ሕመምተኛም አለ። ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን ደግሞ ኪኒኒቱን ገና በዕቃው ውስጥ ሳለች ያደክሟታልና፣ የእትዬ ምድጃ በቡናው ላይ የተጨመረ ሁለተኛ ጥፋት ነበር።

የጾሙን ነገር ግን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። «ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጡ» የሚለው ትእዛዝ ቁርሱን በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ለሚበላ ሰው የተጻፈ ነው፤ በዓመት ውስጥ 180 ያህል ቀን ለሚጾም ምእመን ግን ይህ ትእዛዝ ያለ ማብራሪያ ሲሰጠው፣ በሐኪሙ ሥርዓትና በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት መካከል ያቆመዋል፤ እርሱም ከማንም ሳይማከር፣ ለሐኪሙም ሳይናገር፣ የሰማዩን መርጦ የምድሩን ይተዋል። ሆኖም ይህች ኪኒን ከሌሎች የምትለይበት አንድ ጸጋ አላት፤ ወደ ደም ከገባች በኋላ ግማሿ እስኪወጣ 7 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ዋናው ነገር የማለዳዋ ሰዓት ሳትሆን ሥርዓቱ በየዕለቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። እንግዲያስ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ በውኃ መዋጥ ይቻላል፤ በረመዳን ለሚጾመውም ወገናችን ይኸው መንገድ ክፍት ነው። ሐኪሙ ስለ ጾም ቢጠይቅ፣ ምእመኑም የንስሐ አባቱን ቢያማክር፣ ጠብ ይመስል የነበረው ነገር በአንድ ቀን ይታረቃል። ጠበል ገብተው መድኃኒታቸውን የሚተዉትም ቢሆኑ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ፣ ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና አንዱ የሌላው ባላጋራ እንዳልሆነ መናገራቸውን ሊያስቡት ይገባል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሐኪሞች የሚመለከቱት ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው ቁጥር የታይሮይድ ዕጢ የምታወጣው አይደለም፤ ከአንጎል ሥር ያለች፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ የምትልከው ጥሪ ነው። እመቤት የምትላካት ልጅ ስትዘገይባት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደምትጣራ፣ ይህችም ታይሮይድ ስትለግም ጥሪዋን ታበዛለች፤ ሥራው በበቃ ጊዜ ዝቅ ታደርጋለች። በብዙ ላቦራቶሪ ዘንድ ልኩ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው፤ መጠን በተለወጠ ቍጥር እውነተኛው ውጤት የሚታየውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ በ10ኛው ቀን «አልሠራም» ማለት ዘር ዘርቶ በማግሥቱ አዝመራ እንደ መፈለግ ነው። ቁጥሩም ሊታለል ይችላል፤ ፀጉራቸው የሳሳባቸው ሴቶች ዘመድ ከውጭ አገር የላከላቸውን ባዮቲን የተባለ ኪኒን በብዛት ሲወስዱ፣ በብዙ ላቦራቶሪዎች የመለኪያ ዘዴ ላይ ቲ.ኤስ.ኤች. ሐሰተኛ ሆኖ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙም «መድኃኒቱ በዝቷል» ብሎ ይቀንሰዋል፤ ያች ደካማ ሴት የባሰ ትደክማለች። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ ባዮቲንን መተው ይህን ሁሉ ስሕተት ያስቀራል፤ ግን ይህንንም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

የእትዬ መንገድ ተቃና፤ ቁጥሩም በ2ኛው ወር ልክ ገባ። ብርዱ ለቀቃቸው፤ ድምፃቸው ተመለሰ፤ ድካሙ ግን እኩል በእኩል ቀረ። በቀጠሮ ሲሄዱ ሐኪሙ ወረቀቱን እያዩ «ደኅና ነዎት?» ይላሉ፤ እትዬም በአደግንበት ሥርዓት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ በመዝገቡም ላይ «ደኅና» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ አገር ይህ ምላሽ ምስጋና እንጂ የጤና ማስረጃ እንዳልሆነ፣ በአልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ እንኳ ይህን እንደሚል እናውቃለን፤ የሐኪሙ ክፍል ውስጥ ስንገባ ግን ሐኪምም ሕመምተኛም እንረሳዋለን። «ሰንበቴ ላይ ድፎ ይጋግሩ ነበር፤ አሁንም ይጋግራሉ ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ ኖሮ እትዬ እውነቱን በተናገሩ ነበር።

መድኃኒታቸውን እንደ ሥርዓቱ ወስደው፣ ቁጥራቸውም ተስተካክሎ፣ ሕመሙ የማይለቃቸው ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 ያህሉ እንደ ሆኑ ይነገራል። ለእነዚህ የሚገባው አንደኛ ነገር ሌላ ደዌ እንዳለ መፈለግ ነው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለው አባቶች የተረቱት በከንቱ አይደለም። ሀሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጠው ደዌ፣ የሰውነት ዘበኛ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ጠላት ሲወጋ፣ ይኸው ዘበኛ ብዙ ጊዜ ጨጓራንም ይወጋልና ቫይታሚን ቢ 12 ይጎድላል፤ ደም ማነስ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ድባቴ፣ የወር አበባ መቋረጫ ዘመን፣ እያንዳንዳቸው የታይሮይድን ድካም ይመስላሉ። በእትዬ የተገኘው የቢ 12 ጉድለት ነበር፤ በመርፌ ሲተካ ከቀረው ድካም አብዛኛው ለቀቃቸው።

ሁሉ ተፈልጎ ምንም ያልተገኘላቸው ግን ይቀራሉ፤ ክርክሩም የከረረው በእነዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኒውካስል ከተማ ከበግ ታይሮይድ ያወጣውን ጭማቂ ዕድሜዋ 46 ለሆነ ሕመምተኛ በመርፌ ቢሰጣት፣ ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ 28 ዓመት ኖረች፤ ያ ጭማቂ አራት አዮዲን የተሸከመውን ታይሮክሲንን ብቻ ሳይሆን ሦስት አዮዲን የተሸከመውንና ፈጣኑን ትራይአዮዶታይሮኒንንም የያዘ ነበር። በ1914 በፈረንጆች የልደት በዓል ዕለት ኤድዋርድ ኬንዳል በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ታይሮክሲንን ለይቶ አወጣ፤ ሁለተኛው በ1952 ታወቀ፤ በ1970 ደግሞ ሰውነት ራሱ ከፊተኛው ሁለተኛውን እንደሚሠራ በተረጋገጠ ጊዜ «እንግዲያስ አንዱ ይበቃል» ተባለ፤ የእትዬ ሌቮታይሮክሲንም ይኸው አንዱ ነው። ለብዙው ሕመምተኛም በቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በ33 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለቱን አጣምሮ መስጠት ስሜትን እንዳሻሻለ ቢያሳይም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፋፊ ጥናቶች ባመዛኙ አላጸኑትም፤ ሆኖም የአውሮፓ የታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ላልተሻለው ሰው በልዩ ሐኪም ጥበቃ ሥር ጥምሩን መሞከር እንደሚቻል፣ በ3 ወር ውስጥ ለውጥ ካላመጣ ግን መተው እንደሚገባ ደነገገ። በእኔ አስተያየት ይህ የሊቅ ፍርድ ነው፤ በሩን ለሁሉ ወለል አድርጎ አልከፈተም፤ በምስማርም አልቸነከረም።

በሩን ራሳቸው ሰብረው የሚገቡትን ግን መገሠጽ ግድ ነው። ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ፣ ከደረቀ የአሳማ ዕጢ የተሠራ ኪኒን «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ሲዋጥ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከምን እንደ ተሠራ አለመጠየቁ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው የፈጣኑ ሆርሞን ድርሻ የሰው ዕጢ ከምታወጣው እጅግ የሚበልጥ መሆኑም ያሳስባል። «ትንሽ ብጨምርስ» ብሎ መጠንን በገዛ እጅ ማብዛት የልብን ምት ያዛባል፤ አጥንትንም ያሳሳል። አዮዲንም እንዲሁ ነው፤ በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ምክንያት ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን የገባበት ጨው ተቋርጦ፣ ጨው አዮዲን እንዲገባበት እስካዘዘው የ2003 ዓ.ም. ደንብ ድረስ ብዙው ገበታ ያለ አዮዲን መቆየቱ ሕዝቡን እንደ ጎዳ እውነት ቢሆንም፣ በሀሺሞቶ ለተጎዳች ወይም በቀዶ ጥገና ለወጣች ዕጢ የአዮዲን ኪኒን መዋጥ ፈውስ አይሆንም፤ ሊያብስም ይችላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፋርማሲው ይህችን ኪኒን ሲሰጥ «በባዶ ሆድ» ብቻ ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ቡናን፣ የደም ማነስን ኪኒን፣ የጨጓራ መድኃኒትንና ጾምን በስማቸው ጠርቶ ይንገር፤ ሐኪሙ መጠን ከመጨመሩ በፊት «በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር?» ይበል፤ ሕመምተኛውም በሐኪም ፊት ሲቀርብ ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ካቀረበ በኋላ ሕመሙን ሳይሸሽግ ይናገር። መድኃኒት ከውጭ አገር በዶላር ይመጣል፤ ጥያቄ ግን የሚገዛ ነገር አይደለም።

እትዬ ዛሬ ኪኒናቸውን ከምድጃው ርቆ ካለው ቁም ሣጥን አውጥተው፣ የማታ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይውጣሉ። ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው ሆኑ አልልም፤ ዳገት ሲወጡ አሁንም ያርፋሉ። ጠዋት ግን ጀበናው ሲንተከተክ ያለ ሥጋት ይቀመጣሉ፤ ስንት ወር በስውር በድሎ የኖረው አቦልም ተጠይቆ፣ ጥፋቱ የሰዓት እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ታውቆ፣ በነፃ ተለቋል።