ጊደሯ መኪና ላይ ከመጫኗ በፊት

የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተንኮሉ ላሟን ሳያከሳ ዓመታት አብሯት መኖሩ ነው። እየበላች፣ እየታለበች፣ ገዢም እያጣላች በረቱን ትበክላለች። ዓይን አይቶ፣ እጅ ዳብሶ መግዛት እዚህ ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ88 በረቶች 2,956 የወተት ከብቶችን መርምሮ 30 በመቶ ያህሉን በበሽታው የተያዙ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት በረቶችም በሽታው ገብቶባቸዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ የወተት እርባታ ገና በሚለመድባቸው የክልል ከተሞች የሚገዛው የተዳቀለ ጊደር በአብዛኛው ከዚሁ አካባቢ የሚወጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ የደም ምርመራ በየመንደሩ ይዳረስ አልልም፤ ጊደር በሚሸጥበት በር ላይ ይቁም ነው የምለው።

ለምን ደም? በተለመደው የቆዳ ምርመራ ቱበርኩሊን አንገት ላይ ይወጋና ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ ደላላ የያዛት ጊደር ግን ሦስት ቀን ቆማ አትጠብቅም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የደም ምርመራ አንድ ጉዞ ይበቃዋል። ደሙ ከቱበርኩሊን ጋር ያድራል፤ ተሕዋሲውን ቀድመው የሚያውቁ ነጭ የደም ሕዋሳት ካሉ ጋማ ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ፣ እሱም ይለካል። በብሪታንያ ልምድ የቆዳው ምርመራ ከተያዙት ከብቶች 80 በመቶ ያህሉን ሲይዝ፣ የደሙ 90 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ቀደም ብሎ። ችግሩ ደሙ በረዶ ሳይነካው፣ በአንድ ቀን ገደማ ላቦራቶሪ መድረስ ያለበት መሆኑ ነው። ለሩቅ አርብቶ አደር ይህ ከባድ ነው፤ ለደብረ ዘይትና ለሰበታ በረቶች ግን አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ምርመራው ጤነኛዋንም ይወነጅላል። እውነት ነው። በዚያው በብሪታንያ ስሌት ከ1,000 ጤነኛ ከብቶች 34 ያህሉ ያለ ጥፋታቸው ይያዛሉ፤ የቆዳው ግን እንዲህ የሚሳሳተው ከስንት አንዴ ነው። በሽታው እምብዛም በሌለበት የገጠር መንጋ ላይ ቢታዘዝ አርቢውን ማስለቀስ ይሆናል። ከሦስት አንዷ በተያዘችበት በረት ግን አንዷን ታማሚ ማሳለፍ ጥቂት ጤነኞችን ከማቆየት ይከፋል። ደግሞም የተያዘችው ትታረድ አልተባለም። ካሳ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ትእዛዝ አርቢውን ከብቱን እንዲደብቅ ከማስተማር አያልፍም። እዚያው ትቆይ፣ ምርመራዋ ይደገም፣ ወተቷም ይፈላ። ሻጩ ውጤቱን ደብቆ ለሌላ ገዢ አይሸጣትም ወይ? ይሸጣታል፤ ገዢው ካልጠየቀ። ለዚህ ነው ጊደር በጅምላ ገዝተው ለአርሶ አደር የሚያከፋፍሉ ፕሮጀክቶች ቅድሚያ መያዝ ያለባቸው። የደም ውጤት የሌላት ጊደር አትጫንም የሚል አንድ አንቀጽ ውላቸው ውስጥ ቢያስገቡ ሻጩ ራሱ ሐኪም ይጠራል፤ የምርመራው ወጪም ከጊደሯ ዋጋ ጋር ይታሰባል።