ቤት ሠሪው የማገዶውንም ሒሳብ ይያዝ

አንድ የጦር ክፍል ከድንኳኑ በፊት መሬቱን ያያል። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ መጸዳጃው ከነፋሱ በየትኛው ወገን እንደሚቆፈር፣ የአካባቢው እንጨት ለማብሰያ ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ ሳያጣራ ካስማ የሚያስተክል አዛዥ ቢኖር የወታደሮቹ ትዝብት ይበቃዋል። ለአንድ ሳምንት ሰፈር የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ ግን፣ ሰዎች ለዓመታት የሚኖሩባቸውን ቤቶች በሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ሲጓደል እናያለን። ለዚህም ከገዳሪፍና ከምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ የበለጠ አስተማሪ ስፍራ ያለ አይመስለንም።

እንደሚታወቀው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ወገኖቻችን በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ከ60 ሺህ በላይ ደረሰ። ከፊሎቹ በኡም ራኩባ፣ ከታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮም ሌሎቹ በቱናይድባ እንዲሠፍሩ ተደረገ። ኡም ራኩባ ለእንግዳ አዲስ አይደለም፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም ኢትዮጵያውያንን አስጠግቶ ነበር። ራኩባ ማለት በሱዳኖች ቋንቋ በእንጨትና በሣር የሚሠራ የጥላ መጠለያ ነው። ስሙ ራሱ ስፍራው ምን እንደሚበላ ይናገራል።

መጀመሪያ የተሰጠው ድንኳን ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ፣ በግንቦትና በሰኔ 2013፣ ማዕበል ብዙ ድንኳኖችን ቀደደ። የገዳሪፍ ሜዳ መረሬ አፈር ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይንዳል፣ የጭነት መኪና ጎማ ይውጣል። ይህንን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ባለሙያ ቢዘነጋው አያስገርምም፤ የአገሩ ገበሬና የመተማ ሹፌር ግን ቢጠየቁ ኖሮ በአንድ ምሽት ያስረዱት ነበር።

ከድንኳኑ ቀጥሎ የመጣው የሣር ክዳን ጎጆ ነው። ጎጆው ከሙቀቱ ይከላከላል፣ ነዋሪው በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል፣ ስለዚህ ምርጫው ትክክል ነበር እንላለን። ነገር ግን ለግድግዳው ማገር፣ ለጣራው ወራጅ፣ ለክዳኑ ሣር ከዚያው ጫካ ይቆረጣል። ከዚያም የባሰው ምድጃው ነው። ማገርና ወራጅ የሚቆረጠው ቤቱ ሲሠራ ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት ሦስት ጉልቻ ግን ቤቱ እስካለ ድረስ እንጨት ይፈልጋል። በአቅራቢያው ያለው ግራር ባለቀ ቁጥር እናቶችና ልጃገረዶች ርቀው ይሄዳሉ፤ በዚያም ከከብት አርቢውና ከእርሻው ባለቤት ጋር ይጋጫሉ፣ ለጥቃትም ይጋለጣሉ። ስለዚህ የማገዶ ጉዳይ የጸጥታ ጉዳይም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርደ ገምድልነት መታረም አለበት። ጫካውን ስደተኛው ጨረሰው ሲባል ይሰማል። የገዳሪፍ ግራር መመንጠር የጀመረው ግን ገና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው፤ እንግሊዞች ለምሥራቅ አፍሪካ ጦራቸው የሚሆን ማሽላ ለማምረት ትራክተር ያስገቡት ያን ጊዜ ነበር። (ቀለብ ጫካ እንደሚያስከፍል ወታደር ሊያውቀው ይገባል።) ከዚያ ወዲህ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሱዳን የደን ሕግ በዝናብ የሚታረስ መሬት ያለው ባለይዞታ ከመቶ አሥሩን እጅ ለዛፍ እንዲተው አዝዞ ነበር፤ በብዙ እርሻዎች ላይ ግን ትእዛዙ በወረቀት ቀርቷል። ምሁሩ ጋይም ክብረአብም ስለ ገዳሪፍ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ የመሬቱን መራቆት በስደተኛው መብዛት ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል አመልክተዋል።

ሆኖም ስደተኛው ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑ ቤት ሠሪውን መሥሪያ ቤት ነጻ አያወጣውም። ቤት ሠርቶ የሚበላውን አለማሰብ በእኛም ከተሞች የታየ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ድሃው ተከራይ እፎይ ማለቱ እውነት ነው። ይሁንና ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ለጥገና የሚበቃ አልነበረምና ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ለዚህ ምስክር ነበሩ።

እንግዲህ ዘላቂ ልማት የሚባለው ነገር ለቤት መሥሪያ ቤት ከየት ይጀምራል ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ከመዝገብ ይጀምራል የሚል ነው። የቤቱ ቁጥር በተጻፈበት ገጽ ላይ በዓመት ስንት ሸክም እንጨት፣ ስንት በርሜል ውሃ፣ ስንት ቀን የጥገና ሥራ እንደሚፈልግ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1969 ለኤርትራውያን ስደተኞች በተመሠረተው በቃላ አን ናሐል ሠፈራ ውሃው ከረሃድ ወንዝ በሞተር ይሳብ ነበር፤ ሞተር ደግሞ ነዳጅና መለዋወጫ ይጠይቃል፣ ያም በመዝገቡ ላይ ወጪ ነው። ሒሳቡ ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱ ሩቅ አይሆንም። በአገራችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠራጨው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከስደተኛው መካከል አናጢውና ግንበኛው ደመወዝ ተከፍሎት የጥገና ጓድ ቢቋቋም፣ ያ ሕግ የጠየቀው ከመቶ አሥር እጅ መሬትም ከመንደሩ ሰዎች ጋር በስምምነት ግራር ቢተከልበት፣ ሐሻቡ ከማገዶ ሌላ ሙጫ ይሰጣል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በተለይም ታኅሣሥ 2016 ላይ ወድ መደኒ፣ ሰኔ 2016 ላይ ሲንጃ በተያዙ ጊዜ፣ ገዳሪፍ የራሷን አገር ተፈናቃዮች በትምህርት ቤቶቿ ሳይቀር አሳደረች። ከመተማ ወዲህም ሱዳናውያን በኩመርና በአውላላ ተጠለሉ፤ ግራሩም፣ መረሬውም፣ ጉልቻውም ከድንበሩ ወዲያ ካለው አይለይም። በምዕራብ ጎንደር ለሚቀጥለው ሰፈር መሬት ሲለካ የደን ባለሙያው ከቀያሹ ጋር በዚያው ቀን ይገኝ፤ ወጪው የአንድ ሰው አበል ነው።