ስለ ፊላደልፊያ ከተማና ስለ ዘመን ተጓዡ ሲኒማ ለዕድል ጠበቆች የተሰጠ መልስ

ቴሪ ጊሊያም የተባለው የሲኒማ አዘጋጅ በ1995 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) «አሥራ ሁለት ጦጣዎች» ብሎ ያወጣውን ሥራ አይተው፣ «እነሆ፣ ሰው አስቀድሞ ከተጻፈለት ዕድል አይወጣም» ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ይህ ትምህርት ለታካች ሰው ምቹ ትራስ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

የታሪኩ ነገር እንዲህ ነው። በ1996 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ የጀመረ መቅሠፍት 5 ቢሊዮን ሰው ይፈጃል፤ የተረፉት ከምድር በታች ይኖራሉ። ጄምስ ኮል የሚባል እስረኛ ወዳለፈው ዘመን ይላካል፤ በመጨረሻም እርሱ በሕፃንነቱ በአውሮፕላን ጣቢያ ሲሞት ያየው ሰው ራሱ እንደ ነበረ ይገለጣል።

ዘመን ተሻግሮ ከተማን ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ እንደ ያዘ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ኢየሩሳሌምን እንዳላወቃት በተረፈ ባሮክ እናነባለን። እርሱ ግን በእንቅልፉ የእግዚአብሔርን ቸርነት ዐወቀበት እንጂ ዕድል ነው አላለም።

የዕድል ጠበቆች አንድ ነገር ይዘልላሉ። ኮል የተላከው ያለፈውን ሊሽር አይደለም፤ የበሽታው ጥንተ መልክ ተገኝቶ በኋላ ዘመን ላሉት መድኃኒት ይሠራ ዘንድ ነው እንጂ። ትናንት አይሻርም፤ የሚመጡት ሰዎች ፈውስ ግን በሰው ድካም ይፈለጋል።

ከተማይቱም ራሷ ትመሰክርባቸዋለች። ዊልያም ፔን በ1682 ዓ.ም. የቆረቆራት ፊላደልፊያ ትርጓሜዋ የወንድማማች ፍቅር ነው። በ1793 ዓ.ም. ቢጫ ወባ ገብቶባት ከ50,000 ገደማ ነዋሪዎቿ 5,000 ያህሉ ሞቱ፤ ከባለ ሥልጣናትና ከባለጸጎች ብዙዎቹ ሸሹ። በዚያን ጊዜ በባርነት ተወልደው ነፃ የወጡት አብሳሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን ወገኖቻቸውን አስተባብረው ድውያንን አስታመሙ፤ ሙታንን ቀበሩ። ጥቁር ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም የተባለው ቃል ሐሰት ሆኖ ከእነርሱም ብዙዎች ሞቱ፤ ያም ሳይበቃ በሕመምተኞች ገንዘብ ከበሩ ተብለው ተነቀፉ፤ በ1794 ዓ.ም. መልሳቸውን አሳትመው ተከራከሩ። ዕድል ነው ብሎ መሸሽ ለእነርሱም ይቀላቸው ነበር።

ሌላም ምስክር አለ። በሲኒማው የባልቲሞር የእብዶች ቤት መስሎ የሚታየው ሕንፃ በእውነቱ የፊላደልፊያ ወህኒ ቤት ነው። በ1829 ዓ.ም. ሲከፈት ስሙም ሐሳቡም የንስሓ ቤት የሚል ነበር፤ እስረኛው ከጣራ በሚገባ ብርሃን፣ የሰው ፊት ሳያይ፣ ኃጢአቱን እንዲያስብ ተደረገ። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ዓ.ም. ጎብኝቶ ጭካኔ ነው ሲል ነቀፈው፤ መልካም ነቀፈ፤ ንስሓ የሚሰማ አባትና የሚቀበል ወንድም ይሻልና። ወህኒ ቤቱ በ1971 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሲኒማው ሲነሣበት ፍርስራሽ ነበረ። የንስሓ ቤት የእብዶች ቤት ለመምሰል የበቃው ተጽፎበት ሳይሆን ወንድም ስለ ተከለከለበት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሲኒማውን አትፍራው፤ ትርጓሜውን ግን ከሰነፎች አትቀበል። ያለፈውን የሚሽር መኪና የለም፤ ያለፈውን በደል የሚያስተሰርይ ንስሓ፣ የዛሬውን ሕመምተኛ የሚያነሣ እጅ ግን አለ። ጎረቤቱ ታምሞ ሳለ «ተጽፏል» የሚል ሰው ነቢይ አይደለም፤ በ1793 ዓ.ም. ከሸሹት አንዱ ነው።