የምሠራበትን ሆቴል አክሲዮን ልግዛ?

በዚህ ወር የደረሰን ጥያቄ፦ «ስትሪፕ ላይ ሆቴል ነው የምሠራው፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ሆቴሉ ሁሌ ሙሉ ነው። የማውቀውን ኩባንያ አክሲዮን ብገዛ አይሻልም?»

እህታችን፣ ቁማር ማሽን ፊት ከመቀመጥስ ከባለቤቶቹ አንዱ መሆን ይሻላል! ግን ማርች 2020ን ያስታውሱ። በኮቪድ ምክንያት የኔቫዳ ካዚኖዎች በሙሉ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ጁን 4 ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ከ30 ዶላር በላይ የነበረው የኤምጂኤም አክሲዮን በአንድ ወር ውስጥ ከ10 ዶላር በታች ወረደ። እንደ እናንተ ባለ ቤት ደመወዙ ቆመ፣ ታክሲው ተሳፋሪ አጣ፣ አክሲዮን ካለም አብሮ ወደቀ። ዋጋው በኋላ ተመልሷል። ለኪራይ ብሎ በዚያ ሳምንት የሸጠ ሰው ግን ከስሮ ቀረ።

እና ከገዙ አይቀር፣ ከካዚኖ ራቅ ያለ ይሁን። ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የሚከተል ኢንዴክስ ፈንድ በአንድ ግዢ የ500 ያህል ኩባንያዎች ቁራጭ ይሰጥዎታል። እሱም ቢሆን ይወርዳልና የኪራይና የዕቁብ ገንዘብ አይንኩ።

ልጆች፣ እናንተም ሥራ አላችሁ፦ ቤታችሁ ከሚገባው ገንዘብ ከስትሪፕ ጋር የማይገናኘው የትኛው ነው? እራት ላይ ጠይቁና ቁጠሩት።