ገበያ ሳንወጣ የምናገኛቸው መጫወቻዎች

ውድ እናቶችና አባቶች፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ሕፃናት ጨዋታ ጥቂት እንወያያለን።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሄዳ ልጇ ያለቀሰበትን የፕላስቲክ መኪና ሳትገዛ የተመለሰች እናት ልቧ ማዘኑ አይቀርም። ይሁን እንጂ ትንሽ ልጅ ዓለምን የሚያውቀው በመዳሰስ፣ በማሽተትና በመስማት ነውና ለዚህ የሚሆነው ዕቃ በዘንቢሏ ውስጥ ሞልቷል።

ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንተሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ልጆች ዓይናቸው ተሸፍኖ ልዩ ልዩ ጨርቅ እየዳሰሱ እንዲለዩ ታደርግ ነበር። በጋሞ ምድር ለዚህ ምን ይጎድለናል? የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ወፍራም፣ ነጠላው ስስ፣ የእንሰቱ ቃጫ ሻካራ፣ ቀርከሃው ልሙጥ ነው። የልጁን ዓይን በሻሽ ሸፍነን «ይህ ምንድን ነው?» እንበለው። አምስት ዓመት ከሞላውማ ያልተዳመጠ ጥጥ እንስጠውና ፍሬውን እየለቀመ ያውጣ፤ አያቱ ትፈትልለታለች።

ለጆሮ ደግሞ በአንዱ የሃይላንድ ጠርሙስ ሽምብራ፣ በሌላው ጤፍ፣ በሦስተኛው አሸዋ ጨምረን ክዳኑን አጥብቀን እንዝጋ። ልጁ እያንኳኳ ይለያቸዋል። ክዳኑን አጥብቁ ያልነው በምክንያት ነው። ከእኛ የአንዷ ልጅ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ፣ በጣታችን እናወጣለን ስንል ይበልጥ ገፋነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣልና ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ልጁም እኛም አለቀስን። ስለዚህ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የተፈታ ጥሬ አይሰጥም። የጉሎ ፍሬ ግን ውበቱ ቢማርክም መርዝ ነውና ለማንም ልጅ አይሰጥ።

«በእህል መጫወት ኢስራፍ አይሆንም ወይ?» የሚሉ እናቶች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጠርሙሱ ሽምብራ ተመልሶ ድስት ይገባል። ሊጥም ቢሆን ለዳቦ ካቦካነው ላይ ቆንጥረን ብንሰጠው፣ እጁን ታጥቦ ያሻትን ቅርጽ ይሠራል፤ ከዳቦው ጋር ተጋግሮም ይበላል። ለመጣል የሚቦካ ሊጥ ግን እኛም አንደግፍም፤ ለዚያ ጭቃ አለ።

አባቶችም ይህ የሴት ሥራ ነው አትበሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃኑን አቡ ዑመይርን ስለ ትንሿ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር።

የውሃ ጨዋታ ከሁሉም ይወደዳል። ሳፋ፣ ኩባያና ቅል ይበቃል፤ እየቀዳ ይገልብጥ። ልጅ ጥልቀት በሌለው ውሃም ሊሰምጥ ስለሚችል በር ቢንኳኳ እንኳ ይዘነው እንሂድ እንጂ ብቻውን አንተወው። ሲያበቃ ውሃውን እዚያው አንተው፤ አገራችን ወባ ያለባት ናት፣ የቆመ ውሃም ትንኝ ያራባል። ሳፋውን ልጁ ራሱ ይዞ ከጓሮው ሙዝ ሥር ይድፋው።