ለጥያቄውስ ማን ይክፈል?

በይፋት ቆላ ልጅ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ከሰዉ እጅ ቀድሞ የሚወጣው ምንድን ነው? ክብሪት። ጭሱን ያሸቱታል፣ አረፋው እንዳይነካቸው ፈቀቅ ይላሉ፣ ሲነቃ ጠበል ወይም ዱዓ ይታዘዝለታል። ምን ጣለው ብሎ የሚመረምር ግን ማን ነው? ለምርመራውስ ገንዘብ የሚያወጣ?

የይፋቱ ሸዋ ሮቢት ወባ ያለበት አገር ነው። ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ ከሞት የተረፈውን ሕፃን ለሚጥል በሽታ እንደሚያጋልጥ በኬንያ፣ ኪሊፊ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የኪሊፊን ምርምር ለዓመታት የደገፈው ማን ነው? ዌልካም የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት። በዚሁ ድርጅት ገንዘብ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ የሚጥል በሽታ ጥናት ኬንያን፣ ዩጋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን አዳርሷል። ኢትዮጵያስ? የለችበትም።

አጥኚ ስላልነበረን ነው? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመው የለም? ታዲያ የቡታጅራ ቁጥር ለይፋት ይበቃል? በብዙ አገር ዋና መንስኤ የሚባለው የአሳማ ኮሶ ትልስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ በማይበላበት ቆላ ምን ያህል ያስረዳናል?

«መድኃኒቱ ሳይዳረስ የምን ምርምር?» የሚል አይጠፋም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ መድኃኒቱ በዓመት 5 ዶላር ያህል ሊበቃው ይችላል፤ በትክክል ቢታከሙ ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ይህን ያህል ከረከሰ በሽተኛው እጅ ያልገባው ለምንድን ነው? መንገዱ ርቆ? ከጤና ጣቢያው አልቆ? ቤተሰብ አፍሮ? ሳያጠኑ ይህን በምን ያውቁታል? በግምት የተላከው ክኒን መደርደሪያ ላይ ጊዜው ቢያልፍበትስ ማን ይጠየቃል?

በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን የበረዶ ውሃ አናታቸው ላይ እየደፉ ኤኤልኤስ ለተባለው የነርቭ በሽታ 115 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። በገንዘቡ የተደገፈ ምርምርም ከበሽታው ጋር የተያያዘ አዲስ ዘረ መል አገኘ። እሰየው! እኛስ መስጠት አናውቅም? ለአንድ ሕመምተኛ የውጭ ሕክምና በአንድ ሰሞን ሚሊዮኖች የምናዋጣ ሕዝብ አይደለንም? ታዲያ ደግነታችን ፎቶ ካላየ እጁ የማይፈታው ለምንድን ነው? ነገ ለሚታመመው ልጅ ዛሬ መስጠት ምጽዋት አይደለም?

የውጭውን ለጋሽ ለምን ረሳን ከማለታችን በፊት እኛ ምን እንደጠየቅነው እንመልስ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፤ ይፋት ደግሞ በውጭም በአገር ውስጥም የተማሩና ያላቸው ልጆች አሏት። በሚቀጥለው መዋጮ ከአሥር ብር አንዷን ለጥናት መድቡ፤ ውጤቱንም ከነሒሳቡ በአደባባይ ጠይቁ። መንስኤውን ያላወቅነውን በሽታ ዕድሜ ልካችንን እናስታምመዋለን እንጂ አንከላከለውም።