ዝሆኔ የአፈር በሽታ እንጂ የመርገም ምልክት አይደለም

በሽታ የሰውን ሥጋ ብቻ ሳይሆን ስሙንና ክብሩንም የሚነካበት ጊዜ አለ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲመላለስ የኖረ ገበሬ እግሩ ቀስ በቀስ አብጦ ቆዳው ሲሻክር ፥ ሕመሙ ሳያንሰው ጎረቤቱ ከማኅበር ያርቀዋል ፤ ልጁንም ለጋብቻ የሚጠይቅ ይታጣል። አንዱ መርገም ነው ይላል ፤ ሌላው ይጋባብኛል ብሎ ይሸሻል ፤ ሦስተኛውም የዘር በሽታ ነው ብሎ ቤተ ሰቡን በሙሉ ይንቃል። ይህ በሽታ በእኛ ቋንቋ ዝሆኔ የሚባለው ነው። በቅርብ ዘመን የተደረገው የሊቃውንት ምርምር ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው የማይጋባና ምክንያቱም የታወቀ መሆኑን ስላስረዳ ፥ ስለ ዘር የሚነገረውም ቃል በትክክል ካልተረዱት ብዙ ጉዳት የሚያመጣ ስለ ሆነ ፥ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን መግለጥ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዝሆኔ በሚለው አንድ ስም ሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች እንደሚጠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በቈላ አገር ትንኝ ከሰው ወደ ሰው በምታዛምተው ረቂቅ ትል የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ፥ ይኸውም አሁን የምንናገርለት ፥ ትልም ሌላም ተውሳክ የሌለበት ሲሆን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን በሽታ ሲመረምር የኖረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው ፤ ቃሉም ከጽርእ የተወሰደ ሆኖ እግርንና አቧራን ያመለክታል። ፕራይስ የሕመምተኞቹን መኖሪያ ከአገሩ አፈር ጋራ አስተያይቶ ፥ በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ፥ ከፍ ባለና ዝናም በሚበዛበት አገር መሆኑን አስረዳ። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ይገባል ፤ ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎችም እያስቈጣ ያጠብባቸዋል ፥ ኋላም ይደፍናቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል። እብጠቱ በመጀመሪያው ጊዜ በእንክብካቤ ሊቀንስ ይችላል ፤ እየቈየ ከጠነከረ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የችግሩ ስፋት በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ይህን በሽታ ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋራ ቈጠረው። ከዚያም በኋላ በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የጥናት ካርታ ላይ ተመሥርቶ የሕመምተኞቹ ጎልማሶች ቍጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ፥ በሽታው ሊነሣ በሚችልበት አገር የሚኖረውም ሕዝብ 35 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገምቷል። በወላይታ ተደርጎ በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ካሉት የሥራ ቀኖች 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ገልጧል። እንግዲህ የአገር ጉልበት የገበሬው ጉልበት ከሆነ ፥ ይህ ጉዳት የአንድ ቤት ጉዳት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ወደ ዘሩ ነገር እንመለስ። በአንድ መንደር ፥ በአንድ ማሳ ላይ ፥ ሁለት ሰዎች እኩል በባዶ እግራቸው ኖረው አንዱ ሲታመም ሁለተኛው በጤና ይኖራል። ይህ ለምን ሆነ ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች በወላይታ ቤተ ሰቦችን መርምረው ፥ ለበሽታው የመጋለጥ ጠባይ በብዙው ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርድ በ2007 ገለጡ። በ2012 ደግሞ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት ተባብረው የሕመምተኞችንና የጤነኞችን የዘር ጠባይ በማስተያየት ፥ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚከላከልበትን ኃይል የሚመራው የዘር ክፍል ከዚህ በሽታ ጋራ የተያያዘ መሆኑን አገኙ። ይህም ማለት የአንዳንድ ሰው ሰውነት ያን የአፈር ቅንጣት ከሌላው አብልጦ ይቈጣዋል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ይህን ምርምር የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ትርጕም አይሰጠውም። ቀድሞም ቤተ ሰቡን ሲንቅ የኖረው ሰው «እንግዲያስ የዘር በሽታ ነው ስል እውነቴን ነበር» ሊል ይችላል ፤ ሕመምተኛውም «በዘሬ ከመጣብኝ ጫማ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ተስፋ ሊቈርጥ ይችላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ደረቅ ሣር እሳት ካልነካው ብቻውን አይነድም። ከወላጅ የሚወረሰው ሣሩ ነው ፤ እሳቱ አፈሩ ነው። እግሩ ያን አፈር ያልነካ ሰው ከማናቸውም ቤት ቢወለድ በዚህ በሽታ አይያዝም። ስለዚህ የዘሩ ምርምር ለጋብቻ እንቅፋት የሚሆን ሳይሆን ፥ ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ እንዲደረግለት የሚያመለክት ነው። በአልጄሪያና በቱኒዚያ ፥ በሞሮኮና በካናሪ ደሴቶችም ይህ በሽታ ቀድሞ ይገኝ እንደ ነበረ ይነገራል ፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲያዘወትር ግን ከዚያ ጠፍቷል። የጠፋውም የሰዎቹ ዘር ተለውጦ አይደለም።

ለታመሙትስ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገው ጥናት መልሶታል። ውጤቱ በ2018 በታተመው በዚሁ ጥናት 696 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው ፥ አንደኛው ወገን እግርን በሳሙና ማጠብን ፥ ቅባት መቀባትን ፥ በፋሻ መጠቅለልን ፥ ካልሲና ጫማ ማድረግን ተምሮ ዓመት ሙሉ ሲሠራበት ፥ ሁለተኛው ወገን ይኸው እርዳታ እስኪደርሰው ጠበቀ። በሽታው በየጊዜው እየተቀሰቀሰ እግርን በትኩሳትና በሥቃይ የሚይዝበት ጊዜ እርዳታ ባላገኘው ወገን ለአንድ ሰው በዓመት 23.9 ፥ እርዳታ ባገኘው ወገን 19.4 ሆኖ ተቈጠረ። ቅናሹ ከአምስት አንድ ያህል ነው። ፈጽሞ ፈውስ ነው ብለን አናጋንነውም ፤ ነገር ግን ውድ መድኃኒትና ትልቅ መሣሪያ ሳይፈለግ በውሃና በሳሙና የተገኘ ውጤት ነው። እርዳታው ከደረሳቸውም በኋላ የቀረውን የሥቃይ ብዛት ያስተዋለ ሰው ፥ እግር ሳያብጥ መጠበቅ ካበጠ በኋላ ከማከም ምን ያህል እንደሚበልጥ ይረዳል።

ከዚህ በኋላ ሥራው በሁለት ወገን ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሥልጣኖች ናቸው። በወላይታ በጤና ሠራተኞች መካከል ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት ፥ ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው የሚጋባ መስሏቸው እንደ ነበረ አሳይቷል። ሐኪሙ ራሱ የሚፈራውን ሕመምተኛ ጎረቤቱ እንዲቀርበው ማዘዝ አይቻልም ፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከጤና ጣቢያው መጀመር አለበት። ጫማም በአንድ የበዓል ቀን ታድሎ የሚቀር ሊሆን አይገባውም ፤ የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋልና ፥ ያበጠ እግርም በልኩ የሚሰፋ ጫማ ያሻዋልና። እግርህን ታጠብ የተባለውም ሰው የሚታጠብበት ውሃ በአቅራቢያው ካላገኘ ምክሩ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛዎቹ ካህናት ናቸው። ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት አስቀድሞ ወደ እነርሱ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው ፤ ቃላቸውም ከአዋጅ ይልቅ ይሰማል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው ብለው ሲጠይቁ ጌታ የመለሰላቸውን የሚያውቅ ካህን ፥ ያበጠ እግር ያየ ሰው መርገም ነው ሲል ዝም ሊል አይገባውም። ጸበሉና ጸሎቱ ከሳሙናና ከጫማ ጋራ አይጣሉም። ወደ መቅደስ ሲገቡ ጫማ ማውለቅም ሥርዓት ነው ፤ ሥርዓቱ ግን ከቤት ጀምሮ በባዶ እግር ሂዱ አይልም ፤ አፈር የነካውንም እግር ሲመለሱ ማጠብን አይከለክልም። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር ዝቅ ብሎ የሚያጥብ ካህን ፥ ዝሆኔ የያዘውን ሰው በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት ጠርቶ እግሩን ቢያጥበው ፥ በሽታው የማይጋባ መሆኑን ከብዙ ስብከት አብልጦ ያስረዳ ነበር።

የበሽታው ምክንያት ታውቋል ፤ መከላከያውም በእጃችን ነው። የማያውቅ ሰው ለሠራው ስሕተት ምክንያት ይገኝለት ይሆናል ፤ ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ግን ሕፃናትን በቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ የምንተው ፥ የታመሙትንም ከማኅበር የምናርቅ ብንሆን ፥ ስለ እነርሱ ስንጠየቅ የምንመልሰው አይኖረንም።